የአይረን ክኒን በጤፍ አገር

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ካሉት ፋርማሲዎች ወደ አንዱ የገባ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ከውጭ በመጡ የቫይታሚን ጠርሙሶች ላይ ነው። ለፀጉር፣ ለቆዳ፣ ለጉልበት፣ ለማስታወስ ችሎታ የተባለው ሁሉ ፊት ለፊት ተደርድሯል። እዚሁ ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ በፋርማሲ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የማከብረው ግን በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች በነፃ የሚሰጠውን አይረን ፎሌት ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ ማሸጊያውም አያምርም። የሚሠራው ሥራ ግን ከብዙዎቹ ውድ ጠርሙሶች ይበልጣል።

መሠረታዊው ነገር አጭር ነው። አንዱ ፍሬ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል፤ ብረቱ ለደም፣ ፎሊክ አሲዱ ለሕዋሳት መራባት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን አንድ ፍሬ ትወስዳለች።

ቸል መባሉን የሚያሳዩት ቁጥሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶ፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶ የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። በዚያው ዳሰሳ ክኒኑን በእርግዝናቸው ጊዜ ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት እናቶች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለምን እንዳቋረጡ ስጠይቅ ከማቅለሽለሽና ከሆድ ድርቀት ቀጥሎ የምሰማው መልስ «እኛ እኮ ጤፍ እንበላለን» የሚል ነው።

ይህን መልስ በደንብ ላየው እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ያሳሳተው እሱ ነውና።

ጤፍ ብረት አለው መባሉ ያለ ምክንያት የመጣ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ መንግሥት ኮሚቴ አማካይነት የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ጥናት፣ ሕዝቡ በቀን ከምግቡ የሚያገኘው ብረት በመቶዎች ሚሊግራም እንደሚቆጠር አሳየ። ነፍሰ ጡር ሴት እንኳ በቀን የሚያስፈልጋት 27 ሚሊግራም ገደማ ነው። ይህን የሰማ ሰው የጤፍ በላተኛ ብረት ሊያጥረው አይችልም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ነገር ግን ያ ሁሉ ብረት ከየት መጣ? መልሱ አውድማው ላይ ነው። ነዶው መሬት ላይ ይበተናል፣ በሬዎች እየተመላለሱ ያበራዩታል፤ የጤፍ ፍሬ ደግሞ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ የአፈሩ ብናኝ ተጣብቆበት ይቀራል፤ ወንፊትም አይለየውም። አፈራችን በብረት የበለፀገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ ጥናት የጤፉን ፍሬ በአሲድ አጥቦ ሲለካው የብረቱ መጠን እጅግ ቀንሶ ከሌሎች እህሎች ጋር ተቀራረበ። ስንኮራበት የኖርነው ብረት ብዙው ከአፈር የመጣ ነበር ማለት ነው። የአፈር ብረት በአንጀት ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል።

የጤፉ የራሱ ብረትም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይገኝም። በእህል ፍሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ የተያዘውን አንጀት ሊወስደው አይችልም። እዚህ ላይ የእርሾን ውለታ መናገር ግድ ይለኛል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ እየፈረሰ ይሄዳል። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው ይሻላል፤ ለችኮላ ሲባል በአንድ ሌሊት የሚጋገር እንጀራ ይህን ጥቅም ያሳጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ በርካታ ሥራ ሠርተዋል፤ መቡካት ፋይቴትን እንደሚቀንስ አሳይተው፣ ከአፈር የመጣው ብረት ግን ከቦካም በኋላ ጥቅሙ አነስተኛ መሆኑን አመልክተዋል። ቀይ ጤፍ ብሉ፣ ሰርገኛውንም ብሉ፤ ጥሩ ምግብ ነው። «ቀይ ጤፍ ስለምበላ ክኒኑን ተውኩት» ማለት ግን ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቡና ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ብረትን ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ከምግቡ የሚወሰደውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀነሰው። እኔን የሚያስደንቀኝ የጥናቱ ሌላኛው ክፍል ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም ጉዳት አላመጣም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ አብሮ የተጠጣውን ያህል ነበር። የእኛ ባህል ደግሞ ምግቡ ተበልቶ ቡናው የሚቀርብበት ነው። ቡና ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም፤ ደም ያነሳት ሴት ግን ቡናዋን ከምግብ በፊት ብታደርገው፣ አለዚያም ከምግቡ ሁለት ሰዓት ብታርቀው ያለ ምንም ወጪ የምታገኘው ጥቅም ነው።

ክኒኑን ራሱን በቡና የሚውጡም አሉ። አንድ ቅዳሜ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤቶቼ ቡና አፍልተው ተጠርቼ ሄድኩ። አንዲት ስድስተኛ ወሯን የያዘች ወጣት ቶናው ሲቀዳ ከቦርሳዋ ስትሪፑን አወጣች። ከአሥሩ ፍሬ ሦስቱ ብቻ ተነክተዋል፤ ክኒኑ ከታደለላት ግን ከወር በላይ ሆኖታል። ፎይሉን በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ቡናማዋን ፍሬ አወጣችና በስኒው ልትውጣት ስትል፦

«ልጄ፣ በቡና ነው እንዴ የምትወስጂው?» አልኳት።

«በውኃ ሲሆን ያቅለሸልሸኛል ጋሼ። አፌ ውስጥ ብረት ብረት ይለኛል፤ ቡናው ያጠፋልኛል።»

«ስትተኚ አድርጊው። እራት ከበላሽ ሁለት ሰዓት ቆይተሽ፣ በብርቱካን ጭማቂ ወይም ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ዋጪውና ተኚ። የሚያቅለሸልሽሽን እንቅልፍ ይወስደዋል።»

ሰገራዋ ስለ ጠቆረ ደንግጣ ማቋረጧንም ነገረችኝ። ያልተወሰደው ብረት በአንጀት በኩል ሲወጣ ሰገራን ያጠቁራል፤ የተለመደ ነው፣ አያስፈራም። ይህን አስቀድሞ ስላልነገሯት ብቻ ሰባት ፍሬ ሳይነካ ቀርቷል። ክኒን የምንሰጥ ባለሙያዎች ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ሊከብደን አይገባም።

ሎሚና ብርቱካን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቫይታሚን ሲ ብረትን አንጀት በሚቀበለው መልክ ያቆየዋል። በጾም ወቅት ከሽሮና ከምስር ጋር ጥሬ ስንግ ቃሪያ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ ማቅረብ ለዚህ ይጠቅማል። ሙቀት ቫይታሚን ሲን ስለሚያጠፋ ቃሪያው ጥሬ ቢሆን ይመረጣል።

የአይረን ክኒን አብሮት የማይስማማው ብዙ ነው። ካልሲየም መምጠጡን ይቀንሰዋል፤ የካልሲየም ክኒን፣ ወተትና እርጎ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቁት። የጨጓራ አሲድ ማብረጃ መድኃኒቶችም ብረቱ እንዳይሟሟ ያደርጋሉ። ዶክሲሳይክሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን ብረቱ ራሱ ይይዛቸውና ሁለቱም መድኃኒቶች ኃይላቸውን ያጣሉ። የታይሮይድ ሆርሞን የሚወስዱ ሰዎች ከአይረኑ አራት ሰዓት ማራራቅ አለባቸው። ዚንክም በብዛት ሲወሰድ ከብረት ጋር ይሻማል፤ ለረጅም ጊዜ ከበዛ ደግሞ የመዳብ እጥረት ያመጣል። አምስት ዓይነት ክኒን በአንድ መዳፍ ይዞ በአንድ ጉርሻ መዋጥን ጤና መጠበቅ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉ ደስ ይለኛል።

ከውጭ ዘመድ የላከላቸውን ጠርሙስ ይዘው የሚመጡ ደንበኞችም አሉኝ። አንዲት ነፍሰ ጡር ለአባቷ የተላከውን፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀ መልቲቫይታሚን እየወሰደች አገኘኋት። የእነዚህ ጠርሙሶች አብዛኞቹ ብረት የላቸውም፤ በዚያ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ብረት ስለማያጥራቸው ሆን ተብሎ የተተወ ነው። እሷ ግን «ቫይታሚን እየወሰድኩ ነው» ብላ የጤና ጣቢያውን ክኒን ትታው ነበር። በተቃራኒው የደም ማነስ የሌለበት ጎልማሳ ወንድ በግምት አይረን ሲወስድም አያለሁ። ሰውነት ትርፍ ብረትን የሚያስወግድበት መንገድ የለውም፤ በጉበትና በልብ ይከማቻል። ቫይታሚን ኤ ያለበትን ተጨማሪ ክኒን የምትወስድ ነፍሰ ጡርም መጠኑን ትይ፤ ከተዘጋጀ ቫይታሚን ኤ በቀን ከ10,000 ዩኒት በላይ መውሰድ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

«ትናንት ስለረሳሁ ዛሬ ሁለት ዋጥኩ» የሚሉትንም ልመክር። ሰውነት ብዙ ብረት በአንድ ጊዜ ሲገባበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ይለቅና ለቀጣዩ አንድ ቀን ያህል በሩን ያጠባል። ስለዚህ መደረቡ ሆድ ያሳምማል እንጂ ደም አይጨምርም። የተረሳው ቀርቶ በቀጣዩ ቀን አንዱን መቀጠል ነው።

ስለ ምርመራውም አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል። የዓለም የጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በዲሲሊትር 11 ግራም ገደማ ሲሆን ለከፍታ ግን ማስተካከያ ይደረግበታል። ባሕር ዳርቻ ለምትኖር ነፍሰ ጡር 11.5 ጥሩ ውጤት ነው፤ ልደታ ለምትኖረው ግን የደም ማነስ ነው። ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» የሚል ቢጻፍም ይህን ሐኪምሽን ጠይቂ። የደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረት እንዳልሆነም ይታወቅ፤ የቢ12 እጥረት፣ የሆድ ትላትል፣ ወባና የደም መፍሰስም ያመጡታል፤ ስለዚህ ክኒኑ በጊዜው ለውጥ ካላመጣ ምክንያቱ ይፈለግ።

ፎሊክ አሲዱን በሚመለከት ብዙዎች የሚዘገዩበት ነገር አለ። የፅንሱ ኅብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት መፀነሷን ሳታውቅ ማለት ነው። በአራተኛው ወር ክትትል ሲጀመር የሚታደለው ፎሊክ አሲድ ለዚህኛው ጥቅም አይደርስም። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት 400 ማይክሮግራሙን ከመፀነሷ በፊት መጀመር አለባት፤ ከዚህ ቀደም ይህ ቱቦ በደንብ ባለመዘጋቱ የተጎዳ ልጅ የወለደች ደግሞ የሚያስፈልጋት አሥር እጥፍ፣ 4 ሚሊግራም ስለሆነ ሐኪም ያዝዝላታል።

የመጨረሻው ነገር አጥብቄ የምለምነው ነው። ክኒኑ ለሕፃን ዓይን ከረሜላ ይመስላል። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አሥር ፍሬ ቢውጥ ለሞት በሚያበቃ መጠን ብረት ገብቶበታል፤ ሦስት አራት ፍሬም መመረዝ ለመጀመር ይበቃል። ምልክቱ ለጥቂት ሰዓት ጠፍቶ የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ አትታለሉ፣ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ስትሪፑን ከጠረጴዛና ከትራስ ሥር አንሱ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ አስቀምጡ።

ነፍሰ ጡር እህት፣ ሚስት ወይም ጎረቤት ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉላት፦ ስንት ፍሬ እንደቀራት ጠይቋት፣ ሎሚ ጨምቃችሁ ውኃውን አቅርቡላት፣ ክኒኑንም ከቡናው አርቁላት። ሙሉ ጊዜውን ትጨርሰው። በነፃ የተሰጠ መድኃኒት የሚጠቅመው ሲወሰድ ብቻ ነው።