ከጩኸት ካሴት የወጣው ‘ኔቨርማይንድ’

የኒርቫናን ዘፈን ሰምታችሁ ባታውቁ እንኳ ቲሸርቱን አይታችሁታል። ዓይኖቹ ኤክስ የሆኑ፣ ምላሱን ያወጣ ቢጫ ፊት ያለበት። አዎ፣ እሱ።

የባንዱን ሁለተኛ አልበም ‘ኔቨርማይንድ’ን ፕሮዲውስ ያደረገው ቡች ቪግ ይባላል። ዘፈኖቹ እንዴት እንደተጀመሩ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ተናግሯል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው የካሴቱን ታሪክ ነው።

በፈረንጆቹ 1991 ቀረጻው ሊጀመር ሲል ከርት ኮቤይን ልምምድ ላይ በተራ ቴፕ የቀዱትን ካሴት ላከለት። ቪግ ሲከፍተው ጩኸት ብቻ! ጊታሩና ድራሙ ተደበላልቀው አይለዩም። ግን ከጩኸቱ ስር አንድ ዜማ ይሰማል። በኋላ ዓለም ያበደበት ‘ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት’ ነው። (ቲን ስፒሪት የዲዮድራንት ስም ነው። ኮቤይን ርዕሱን ሲመርጥ ይህን አያውቅም ነበር 😂)

አንዳንዶቹ ዘፈኖች ግን ከዛም ይቀድማሉ። ባንዱ ኤፕሪል 1990 ላይ ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ከተማ በሚገኘው የቪግ ስቱዲዮ ገብቶ ነበር። ‘ፖሊ’ ከዛ ቀረጻ እንዳለ ተወስዶ ነው አልበሙ ላይ የገባው። ስለዚህ እዛ ላይ የምትሰሙት ሲምባል የዴቭ ግሮል ሳይሆን ከሱ በፊት የነበረው ድራመር የቻድ ቻኒንግ ነው።

‘ሰምቲንግ ኢን ዘ ዌይ’ ደግሞ ሎስ አንጀለስ፣ ሳውንድ ሲቲ ስቱዲዮ ውስጥ አስቸገረ። ሙሉ ባንዱ ሲጫወተው ዘፈኑ ይሞታል። ኮቤይን ቪግ ወዳለበት ክፍል ገብቶ ሶፋ ላይ ጋደም አለና “እንዲህ ነው መሆን ያለበት” በሚል ዓይነት በሹክሹክታ ዘፈነው። ቪግ ስልኩን ዘጋ፣ ማራገቢያውን አጠፋ፣ ማይክ አስገባና እዛው ሶፋው ላይ ቀዳው። ጊታሩ በደንብ የተቃኘ አልነበረም፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች በኋላ ከሱ ጋር መግጠም ነበረባቸው።

እኛ ጋር ፕሮዲውሰር ሲባል ቢት የሚሠራ ሰው ነው የሚመስለን። እዚህ ግን ዘፈኖቹ የኮቤይን ናቸው። የቪግ ሥራ መስማት ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ ማባበል። ኮቤይን አንድን ድምፅ ደግሞ እላዩ ላይ መቅዳት ማጭበርበር ነው ብሎ እምቢ ሲል፣ ቪግ “ጆን ሌነንም ያደርገው ነበር” አለው። ሌነንን ይወድ ስለነበር እሺ አለ።

አልበሙ ሴፕቴምበር 1991 ወጣ፤ ጃንዋሪ 1992 ላይ የማይክል ጃክሰንን ‘ዴንጀረስ’ ከአንደኛነት አወረደው። ኮቤይን ግን በኋላ “ከመጠን በላይ ተወልውሏል” ብሎ አማርሯል። እኔ ሶፋው ላይ የተቀዳውን ስሰማ ግን አልስማማም። እናንተስ?