እጅ በእጅ ከሩቅ፦ ሞተር ብስክሌት ርቆ ለሚኖር ገዢ ሲሸጥ ክፍያን ስለ ማረጋገጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)



 የዛሬው ርእስ ለፋኩልቲ ንግግር ያነሰ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። ሞተር ብስክሌት መሸጥና መግዛት የገበያ ወሬ እንጂ የጥናት ጉዳይ አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ለብዙ ቤተሰብ ሞተር ብስክሌት የዓመታት ቁጠባ የተጠራቀመበት፣ የዕለት እንጀራ የሚገኝበት ንብረት ነው። ሰውም ይህን ንብረት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሲቸግረው ነው፤ ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለአዲስ ሥራ መነሻ። ስለዚህ በሽያጩ ዕለት የሚፈጸም አንድ ስሕተት የሚያጠፋው ብረትና ጎማ ብቻ አይደለም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ልጀምር። አባቶቻችንና እናቶቻችን አስተማማኙን ሽያጭ «እጅ በእጅ» ይሉታል። በአንዱ እጅ ዕቃው ይሄዳል፤ በዚያው ቅጽበት በሌላው እጅ ገንዘቡ ይመጣል። ሻጩ ገንዘቡን ይቆጥራል፣ ገዢው ዕቃውን ይመረምራል፣ በመካከላቸው የሚቀር ጊዜ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር የዋጋው ክፍያና የዕቃው ርክክብ በአንድ ጊዜ እንዲፈጸሙ የሚያዝዘው ከዚሁ ጥበብ ተነሥቶ ነው። ርቀት የሚያፈርሰው ይህንን አንድነት ነው። ገዢው ደሴ፣ ሻጩ ሐዋሳ ሲሆን፣ በዕቃውና በገንዘቡ መካከል ሰዓታት ወይም ቀናት ይገባሉ። አታላይ የሚኖረው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው፤ ደኅንነቱ የተጠበቀ የክፍያ መንገድ ማለት ከሩቅም ሆኖ «እጅ በእጅ»ን መልሶ የሚያቆም መንገድ ማለት ነው።

ይህን ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ገንዘቡ መድረሱን የሚነግረኝ ማን ነው? ሁለተኛ፣ የደረሰው ገንዘብ ተመልሶ ሊወሰድ ይችላልን? ሦስተኛ፣ ገንዘቡ፣ ሞተሩና ሰነዱ የሚሻገሩት በምን ቅደም ተከተል ነው?

ለምሳሌ ያህል በሐዋሳ የሚኖር ሻጭ ሞተር ብስክሌቱን በ200,000 ብር ለመሸጥ ተስማማ እንበል። ገዢው በስልክ «ወንድሜ፣ ገንዘቡን አስገብቼልሃለሁ፤ ደረሰኙን ተመልከትና ሞተሩን በዛሬው አይሱዙ ጫንልኝ» ይለዋል። ወዲያውም የደረሰኝ ምስል በቴሌግራም ይደርሰዋል። የሻጩ ስልክም ይጮኻል፤ ገንዘብ መግባቱን የሚገልጽ አጭር መልእክት ነው። ሻጩ ምን ያድርግ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ይጠይቅ። ገንዘቡ መድረሱን የነገረው ማን ነው? ምስሉን የላከው ገዢው ነው። ምስል በስልክ ላይ በጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ ስም፣ ቀንና የብር መጠን እንደ ፍላጎት ይጻፍበታል። አጭሩ መልእክትም ቢሆን ከማንኛውም ስልክ ሊጻፍ ይችላል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 መሆኑን የምታውቁ ብዙዎች ናችሁ፤ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ሆኖም የላኪ ስም ተመስሎ ሊቀርብ ስለሚችል በመልእክት ላይ ብቻ መመሥረት አይገባም። የሚታመነው ምስክር አንድ ነው፤ እርሱም ሻጩ ራሱ ከፍቶ የሚያየው የራሱ ሒሳብ ነው። በቴሌብር ከሆነ በመተግበሪያው ወይም *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳቡን ይመልከት። በባንክ ከሆነ በባንኩ መተግበሪያ ይመልከት፣ ወይም ቅርንጫፍ ሄዶ የሒሳብ መግለጫ ያሠራ። ገዢው በላከው ማስፈንጠሪያ ግን በፍጹም አይግባ። ገንዘብ ለመቀበል የምሥጢር ቁጥር ወይም በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ለሌላ ሰው መስጠት አያስፈልግም። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊከፍል ሳይሆን ሊወስድ የመጣ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ማታለያ አለ። «በስሕተት 230,000 ብር ልኬብሃለሁ፤ 30,000ውን ብቻ መልስልኝ» የሚል ጥሪ ይመጣል። ደግ ሰው ይደነግጣል፤ የሰው ገንዘብ ይዞ መገኘትን ስለሚፈራ ፈጥኖ ይልካል። የተላከለት መልእክት ሐሰተኛ፣ እርሱ የመለሰው ገንዘብ ግን እውነተኛ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ከፈሰሰ በኋላ የሚለቀም ነገር ላይኖር ይችላል። ከስምምነቱ በላይ የመጣ ገንዘብ በእርግጥ ካለ፣ የሚመለሰው በባንኩ በኩል፣ ወደ መጣበት ሒሳብ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። በሒሳብ ላይ የታየ ቁጥር ሁሉ የመጨረሻ ገንዘብ ነውን? አይደለም። ቼክን እንውሰድ። የግል ቼክ ለባንኩ የተሰጠ የክፍያ ትእዛዝ ነው እንጂ ራሱ ገንዘብ አይደለም። ሻጩ ቼኩን ባንክ ቢያስገባም፣ የገዢው ባንክ መርምሮ ካልከፈለ በስተቀር ምንም አልተቀበለም። በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ነገር ግን የገዢው መታሰር የሻጩን ሞተር ከደሴ አይመልስም። ስለዚህ የግል ቼክ ለሩቅ ሽያጭ አይመከርም፤ ከተወሰደም ርክክቡ ክፍያው ተጣርቶ ከገባ በኋላ ይሁን።

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይበልጥ ያሳስባል። በዚያ አገር «ካሽየርስ ቼክ» የሚባለው የባንክ ቼክ አስተማማኝ ተብሎ ስለሚታሰብ፣ አታላዮች ተሽከርካሪ ለሚሸጡ ሰዎች ሐሰተኛውን ይልካሉ። የአገሪቱ ሕግ ባንኮች በዚህ ዓይነት ቼክ የገባን ገንዘብ ለደንበኛው በፍጥነት እንዲለቁ ያስገድዳል። ሻጩ ገንዘቡን በሒሳቡ አይቶ ሞተሩን ያስረክባል፤ ከሳምንታት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ሲመለስ ባንኩ ገንዘቡን ከሻጩ ሒሳብ መልሶ ይወስዳል። «ማውጣት ይቻላል» እና «ተከፍሏል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

በአገራችንም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ አውጥተዋል፣ አስተላልፈዋልም፤ ባንኩም ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ለማስመለስ ተንቀሳቅሷል። ከዚህ የምንማረው ሻጭ ገንዘቡ መግባቱን ብቻ ሳይሆን የማን ገንዘብ መሆኑንም መጠየቅ እንደሚገባው ነው።

በተለይ የምታስጠነቅቀን አንዲት ስውር ዘዴ አለች። አታላዩ የሐዋሳውን ሞተር ፎቶግራፍ ወስዶ የራሱ አስመስሎ በሌላ ከተማ ለሚገኝ ሦስተኛ ሰው «ይሸጣል»። ያንን ሰው «ገንዘቡን በዚህ ሒሳብ አስገባ» ብሎ የሐዋሳውን ሻጭ ሒሳብ ይሰጠዋል። ገንዘቡ በእርግጥ ይገባል። ሻጩም ገዢዬ ከፈለ ብሎ ሞተሩን ለአታላዩ ያስረክባል። በማግሥቱ ገንዘቡን የላከው ምስኪን ሰው ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ በምርመራው ሒሳቡ የሚታገደው የሻጩ ይሆናል። መከላከያው ቀላል ነው። በባንኩ መግለጫ ላይ የሚታየው የላኪ ስም በውሉ ላይ ካለው የገዢ ስም ጋር አንድ ይሁን። «ወንድሜ ነው የላከልኝ» ከተባለ፣ ወንድምየው በስልክ ይነጋገር፣ የሚከፍለውም ስለዚህ ሞተር መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥ። ይህ ካልሆነ ገንዘቡ በባንኩ በኩል ወደ መጣበት ይመለስ።

ጥሬ ገንዘብስ? የመጨረሻነቱ የማይጠረጠር ይመስላል። ነገር ግን 200,000 ብር በ200 ብር ኖት እንኳ 1,000 ኖት ነው። ይህን በመንገድ ዳር ቆጥሮ፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለይቶ፣ ይዞ መሄድ ራሱ አደጋ ነው። ጥሬ ገንዘብ የግድ ከሆነ ርክክቡ ሻጩ ሒሳብ ባለው የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ በገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ፊት ይሁን። ባንኩ ቆጥሮ፣ መርምሮ፣ በሻጩ ሒሳብ ያስገባዋል፤ ሻጩም የገቢ ደረሰኝ ይዞ ይወጣል።

ሦስተኛው ጥያቄ የቅደም ተከተል ነው። ሞተር ብስክሌት እንደ በርሜል ወይም እንደ ወንበር በርክክብ ብቻ የሚያልቅ ንብረት አይደለም፤ ሊብሬ አለው፣ ሰሌዳ አለው፣ ባለቤቱ በመዝገብ ይታወቃል። ብዙ ሰው የሽያጭ ውል አጽድቆ ስም ከማዛወር ይልቅ ለገዢው ውክልና ሰጥቶ ይገላገላል። ይህ አደገኛ ልማድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሌላ ሰው ሲነዳው እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በሻጩ ስም የቀረ ሞተር ደሴ ላይ ሰው ቢገጭ፣ ከወራት በኋላ የሚመጣው መጥሪያ ለማን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የሽያጩ ገንዘብ ቢደርስም፣ ስሙ ካልተዛወረ ሽያጩ ገና አላለቀም።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልስ አንድ አካሄድ ላቅርብ።

በመጀመሪያ ገዢው ሞተሩን የሚያስመረምርለት ሰው ይላክ፤ መካኒክ ሊሆን ይችላል፣ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ገዢውም ስጋት እንዳለበት አንርሳ፤ ያላየውን ዕቃ ነው የሚገዛው። ቀጥሎ ሁለቱ ወገኖች በቀብድ ይተሳሰሩ። በሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። መጠነኛ ቀብድ ሁለቱንም ያስጠነቅቃል፣ ማንንም አያከስርም።

ከዚያ በኋላ ገዢው ራሱ ይምጣ፣ ካልቻለም በሕግ የጸደቀ ውክልና ያለው ሰው ይላክ። ቀሪውን ዋጋ በሻጩ ስም በተሠራ ሲፒኦ ይዞ ይምጣ። ባንኩ ሲፒኦውን የሚያወጣው የገዢውን ገንዘብ አስቀድሞ ቀንሶ ስለሆነ ከግል ቼክ ይበልጥ የታመነ ነው። ቢሆንም ወረቀት ሊመሰል ስለሚችል፣ ሻጩ ወደ አውጪው ባንክ በራሱ ባገኘው ስልክ ደውሎ ወይም በራሱ ባንክ በኩል ያረጋግጥ፤ በሲፒኦው ላይ ወይም በገዢው በኩል በተሰጠው ቁጥር አይደውል። ከተረጋገጠ በኋላ ውሉ በሚጸድቅበት ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊርማውና ሲፒኦው ይለዋወጡ። ሲፒኦ የማይመች ከሆነ ሁለቱ ወገኖች አብረው ወደ ሻጩ ባንክ ይሂዱ፤ ገንዘቡ ከገዢው ሒሳብ ወደ ሻጩ ሒሳብ ሲገባ በመግለጫው ይታይ፤ በዚያው ዕለት ውሉ ይፈረም። ቁልፉና ሊብሬው የሚሰጡት በመጨረሻ ነው። እነሆ «እጅ በእጅ» ተመልሶ ቆመ።

የሻጩንና የገዢውን ገንዘብ በአደራ እንይዛለን የሚሉ ሰዎችና ድረ ገጾችም አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የአገር ሽማግሌም ሲሠራበት የኖረ ነው። ነገር ግን አደራ ተቀባዩን የመረጠው አንደኛው ወገን ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛው ወገን አደራ የሰጠው ለማያውቀው ሰው ነው። ሁለቱም የሚያውቁትና የሚተማመኑበት ሰው ወይም ተቋም ከሌለ ይህ መንገድ ይቅር።

(ከንግግሩ በኋላ ከአንድ ታዳሚ «ገዢው ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሞተሩ ሲደርሰኝ እከፍላለሁ ቢልስ?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ ተናጋሪው የሚከተለውን መልስ ሰጥተዋል።)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህ ስሙ ዱቤ ነው። ዱቤ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ለማያውቁት ሰው አይሰጥም። ገዢው የሚፈራው ሞተሩ የተነገረለትን ያህል እንዳይሆን ከሆነ፣ መልሱ ምርመራ ነው፤ መካኒክ ይላክ። የሚፈራው በመንገድ እንዳይሰበር ከሆነ፣ መልሱ የጭነት ስምምነት ነው፤ ኃላፊነቱ የማን እንደ ሆነ ይጻፍ። ፍርሃቱ ሁሉ መልስ ካገኘ በኋላም ገዢው ግማሹን ልያዝ ቢል፣ ሻጩ ሌላ ገዢ ቢጠብቅ ይሻለዋል። ያልተሸጠ ሞተር ሌላ ቀን ይሸጣል።