ያውቁ ኖሯል? «ድሮ» ስንት ዓመቱ ነው?

በየስልካችን የምትዞር አንዲት ፎቶ አለች። ሰማያዊ ላዳ፣ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን፣ የተጨፈለቀ ቆርኪ፣ ክዳኑ የተነከሰ ቢክ እስክሪብቶ። ከሥሯ «እነዚህን የሚያውቅ ሁሉ አርጅቷል» ይላል። የላከልኝ የፈረንሳይ ለጋሲዮን አብሮ አደጌ ነው፤ አስከትሎም ያችኑ የተለመደችውን «ድሮ ቀረ!» ላከ። የቱ ድሮ? ነገሩ ሲፈተሽ እኮ ጥንታዊ ያልነው ትናንት የመጣ፣ የልጅ ጨዋታ ብለን የናቅነው ደግሞ ከብዙ ነገሥታት የሚቀድም ሆኖ ይገኛል።

ያውቁ ኖሯል? አራት ኪሎ ላይ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ! አንድ ሰው!» እያለ የሚጣራው ረዳት የሚወስድዎት ሰፈር፣ ቫቲካንን የሚያህል ግቢ ታቅፎ ይኖራል። ዳግማዊ ምኒልክ ለፈረንሳይ የሰጡት፣ ዛሬ ኤምባሲው ያለበት ይዞታ ወደ 43 ሄክታር ይጠጋል። መላው የቫቲካን አገር 44 ነው። የጨርቅ ኳሳችን አጥሩን ተሻግራ ስትገባ ተስፋ የምንቆርጠው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ያውቁ ኖሯል? ምኒልክ ለፈረንሳዩ መልእክተኛ ለሌዎንስ ላጋርድ «የእንጦጦ ዱክ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። ያኔ ፈረንሳይ ሪፐብሊክ ናት፤ መንግሥቷ ለማንም የመስፍንነት ማዕረግ አይሰጥም። ሰውዬው አገሩ የነፈገችውን እንጦጦ ላይ አገኘ።

ያውቁ ኖሯል? እርስዎ ከፈረንሳይ ተነሥተው፣ ታክሲ ቀይረው ሜክሲኮ ሲወርዱ፣ በዚያው ሰዓት አንድ የሜክሲኮ ሲቲ ነዋሪ «ኢትዮጵያ» ላይ ከባቡር እየወረደ ሊሆን ይችላል። ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ በስሟ አደባባይ ሰየመችላት፤ ሜክሲኮ ሲቲም በእኛ ስም ሰየመች። የምድር ውስጥ ባቡሩ 3ኛ መስመር ላይ ያለው ጣቢያ ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። የጣቢያው ፎቶ ሲላክልዎት «ይሄ የኮምፒውተር ሥራ ነው» ብለው እንዳይከራከሩ። እውነት ነው።

ሜክሲኮን ካነሣን በክረምት ጭስ ውስጥ ጠብሰው የሚሸጡልን የበቆሎ እሸት የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚያው ነው። በቆሎ ሜክሲኮ ውስጥ ለማዳ ሰብል የሆነው የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ ነው፤ ወደ እኛ የደረሰው ግን ኮሎምበስ አሜሪካን ከረገጠ በኋላ ነው። በርበሬም እንደዚሁ። እንግዲህ ያስቡት፤ ዐፄ ዓምደ ጽዮንም ሆኑ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዕለተ ፋሲካ የቀረበላቸው ወጥ ቀይ በርበሬ አያውቅም። «የእናት አባቶቻችን ወጥ» እያልን የምንምልበት ቀዩ ዶሮ ወጥ፣ ላሊበላ ሲታነጽ ገና አልተወለደም ነበር። ድንችማ ከሁሉም ታናሽ ናት፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያስገባት ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው።

ያውቁ ኖሯል? ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው «የፖርቱጋል ድልድይ» የፖርቱጋሎች አይደለም። እውነት ነው፣ በቫስኮ ደ ጋማ ልጅ በክሪስቶቮ ደ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1541 በምፅዋ በኩል ገብተው ከግራኝ አሕመድ ጋር ተዋግተዋል። ድልድዩ ግን የተሠራው ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በራስ ዳርጌ ነው። የትምህርት ቤት ጉብኝት ላይ ድልድዩን ተደግፎ ፎቶ የተነሣ ሁሉ የራሱን አያቶች ሥራ ነው ለባዕድ ያስረከበው።

አሁን ወደ ተራራው እንውጣ። ለፈረንሳይ ልጅ እንጦጦ ማለት ባሕር ዛፍ ነው። በጉንፋን የታጠንበት ቅጠል፣ ከሥሩ የተንሸራተትንበት ቁልቁለት፣ ኪሳችንን ሞልተን በወንጭፍ የተወራወርንበት ያ ደረቅ፣ አናቱ ላይ መስቀል የመሰለ ስንጥቅ ያለው ፍሬ። ጎንበስ ብለው ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች ሳይቀሩ ከዚህ ዛፍ ተለይተው አይታሰቡም። ያውቁ ኖሯል ታዲያ፣ እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሲኖሩ ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም። የተራራው ነባር ዛፍ ጥድና ወይራ ነው። እሱ ተጨፍጭፎ አልቆ ከተማይቱ የማገዶ ችግር ስለገባባት ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ በ1880ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ደረሰና ቶሎ ቶሎ በቀለ። ለማምጣቱ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ነው። ከተማዋ ባለችበት ጸናች፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን አዲስ አበባ ላይ ያስቀራት ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምንም እንኳ ዛሬ «ውኃችንን ጠጣብን» እያልን ብናማውም።

በዚያው ተራራ አናት ላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ሰማዩን ያያሉ። ከፍታው 3,200 ሜትር ስለሚደርስ ለኮከብ ቆጣሪ ይመቻል፤ ለሯጭም ይመቻል።

ሯጭ ካልን፣ ያውቁ ኖሯል? አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ብለው የመዘገቡት ዕለት በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ውድድሩ ያለቀው በጨለማ ነበርና ወታደሮች በአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ችቦ ይዘው ያበሩለት ነበር። እዚህም የአገሩ ልጆች ችቦ የሚያበሩበት ምሽት ነው። ሰዓቱ 2፡15፡16። ስለ አበበ የተጻፈ ሁሉ እግሩን እንጂ ቀኑን አያነሣም፤ እኔ ግን ከጫማው ይልቅ ይሄ ይገርመኛል።

ጳጉሜን ላይ እያለን፣ የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ራቁታችንን ወጥተን እንዲያሳድገን እየተማጸንን የምንታጠበውንስ ያስታውሳሉ? የአዲስ ዓመት ልብስ ተገዝቶ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ገላ ደግሞ በሰማይ ውኃ ይታጠባል። ያም ሆኖ አብዛኞቻችን ያን ያህል አላደግንም።

የወለቀ ጥርስ ጣራ ላይ የሚወረውር የሐበሻ ልጅ ብቻ ይመስለን ነበር። ያውቁ ኖሯል? የግሪክም፣ የኮሪያም ልጅ ይወረውራል። እዚያኛው ፈረንሳይ ግን ጥርሱ ትራስ ሥር ይቀመጥና ሌሊት አይጥ መጥታ ሳንቲም ትታ ትወስደዋለች ይባላል። እዚህኛው ፈረንሳይ አይጥ ሲመጣ የሚጠራው ድመት ነው።

ያውቁ ኖሯል? በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ሁሉ የድምፅን ፍጥነት ሰብሯል። ከቃጫ የተገመደው ጅራፍ ተሽከርክሮ ድንገት ሲመለስ ጫፉ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል። «ጧ!» የሚለው ምንም ነገር ስለመታ ሳይሆን አየሩን ከድምፅ ቀድሞ ስለሚሰነጥቀው ነው። አሜሪካዊው አብራሪ ቻክ ዬገር በአውሮፕላን ይህን ፍጥነት ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ እረኞቻችን ስንት ቡሄ ቀድመውታል! ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለው ተረትም ቢሆን ከፊዚክስ መጽሐፍ የሚጣላ አይደለም።

ቆርኪውስ? በድንጋይ ቀጥቅጠን ጠፍጣፋ ካደረግነው በኋላ በሚስማር ሁለት ቦታ በስተን፣ ክር አሳልፈን፣ ግራና ቀኝ እየሳብን እየለቀቅን «ዝዝዝ» የምናስብለው፣ ጠርዙ ጣት የሚቆርጠው። ያውቁ ኖሯል? የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ማኑ ፕራካሽ አንድ ጊዜ ኡጋንዳ ሄዶ በአንድ ጤና ጣቢያ ውድ የደም መለያ ማሽን የበር ማስደገፊያ ሆኖ ያያል። መብራት የለማ! (ይህን ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።) ከባልደረቦቹ ጋር ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ የደረሰው ይኸው በክር የሚሽከረከር የልጆች መጫወቻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረጉት ከወረቀትና ከክር የተሠራ መሣሪያ በደቂቃ እስከ 125,000 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ደምን በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል፤ የወባ ተውሳክ ለመፈለግ ያገለግላል። ዋጋው 20 የአሜሪካ ሳንቲም። እኛ ጣታችንን ቆርጠን፣ በእናታችን ተቆጥተን፣ የሳይንስ ደጃፍ ላይ ቆመን ነበር ማለት ነው።

ቢክ እስክሪብቶ ፈረንሳዊ ነው፤ ስሙም ከባለቤቱ ከማርሴል ቢሽ የመጣ ነው። ክዳኑ ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ ድንገት ልጅ ቢውጠው አየር እንዲያልፍ ታስባ የተሠራች ናት። ቀለሙን አውጥተን በቀፎው የታኘከ ወረቀት ወደ ጥቁር ሰሌዳው ስንተኩስ ግን የታሰበልን ነገር አልነበረም። የሚገርመው፣ የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር ይህን ዓይነት እስክሪብቶ በትምህርት ቤቶቹ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የፓሪስ ተማሪ ብዕሩን ቀለም ውስጥ እየነከረ ይጽፍ ነበር።

ላዳ ደግሞ ጣሊያን ነው። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋውለው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያመረቱት፣ የ1967 የአውሮፓ ምርጥ መኪና የተባለውን ፊያት 124 አጠንክረው ነው። የተመረተበት ከተማም ቶሊያቲ፣ በአንድ ጣሊያናዊ ኮሙኒስት የተሰየመ ነው። አድዋ ላይ የመለስነው ሰው በሞስኮ ዞሮ ታክሲ ሆኖ መጣ።

ቴሌቪዥኑ ይቀረናል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ቀለም ያየነው በ1977 ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ነው። በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት አንድ ወይም ሁለት ነበር። በር ያለው፣ የሚቆለፍ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ከባለቤቲቱ መቀነት አይለይም። የጎረቤት ልጅ ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ እግሩ ታይቶ፣ መሬት ላይ ይደረደራል። ሳጥኑ ሲከፈት አባባ ተስፋዬ። ተስፋዬ ሳህሉ የልጆችን ዝግጅት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ለ42 ዓመታት አቅርበዋል፤ ያረፉት ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ያውቁ ኖሯል? ሴት መድረክ በማትወጣበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ተላብሰው ይጫወቱ ነበር፤ ኮሪያ ድረስም ተጉዘው የዘመቱ ወታደሮቻችንን አዝናንተዋል። ለእኛ ግን ከመጀመሪያውም አያት ነበሩ።

የመጨረሻው ገበጣ ነው። ጓሮ ውስጥ በተረከዛችን የቆፈርናቸው ጉድጓዶች፣ ጠጠር ሲጠፋ የባሕር ዛፍ ፍሬ፣ ሲሸነፍ «ቆጠርክ!» ብሎ የሚያፈርሰው ወንድም። በየሓና በመጠራ ከአክሱም ዘመን የቀሩ፣ ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ የገበጣ መጫወቻዎች ተገኝተዋል። ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ከበርበሬው፣ ከበቆሎው፣ ከባሕር ዛፉ፣ ከከተማይቱም ይቀድማሉ። በፎቶዋ ላይ ግን ገበጣ የለም!

ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል፤ አውራጃው በተለወጠ ቁጥር ሕጉ ይለወጣል። የእርስዎ እናት ወይም አጎት የሚያውቁት አጨዋወት ከእነዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? ዛሬ ማታ ይደውሉላቸው። ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ጠጠር፣ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ፣ መቼ ይበላል ብለው ይጠይቁና በቢክ እስክሪብቶም ቢሆን ይጻፉት።