የግንቦት ሜጋዋት

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በሰፈራችን ወፍጮ ቤት ደጃፍ እናቶች ጤፋቸውን በማዳበሪያ ቋጥረው ሰዓት ይጠብቁ ነበር። ፈረቃ ነው። መብራት ሲመጣ ወፍጮው ይነሳል፤ ሲሄድ የተጀመረው እህል እንኳ ሳያልቅ ይቆማል። የቤት ኪራዩ ግን ፈረቃ አያውቅም፤ ባለወፍጮው የሚከፍለው የወሩን ሙሉ ነው።

ምክንያቱ የግልገል ግቤ ሦስት ውኃ መጉደል ነበር። መንግሥት ያኔ ጉድለቱ 476 ሜጋዋት መሆኑን አስታውቋል። ግድቡ ሲመረቅ የሰማነው ቁጥር ደግሞ 1,870 ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ አንደኛው ተርባይኖቹ የሚችሉትን፣ ሌላኛው ሰማዩ የነፈገንን ይናገራል።

ከኃይላችን ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚገኘው ከውኃ ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሲከዳን ገበሬውና ፋብሪካው በአንድ ጊዜ ይመታሉ። በ2016 በድርቅ የተመታችው ዛምቢያም የካሪባ ሐይቅ ሲጎድልባት ብዙውን የቀኑን ሰዓት በጨለማ አሳልፋለች።

እኛ ግን እጃችን ላይ ያለ መድኃኒት አለን። በሀገራችን ነፋስ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ወንዞች ሲሞሉ ይደክማል። የነፋስ ኃይል ጣቢያዎቹ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከግድቦቹ አጠገብ ሲቀመጡ ትንሽ ይመስላሉ። «ነፋስ አይታመንም» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ለብቻው ከሆነ ልክ ናቸው። ግድብ ላለው ሀገር ግን ስሌቱ ይለያል። የካቲት ላይ አዳማ ያመነጨው ኃይል፣ በግድብ ሳይለቀቅ የቀረ ውኃ ነው። ያ ውኃ ግንቦት ላይ ይጠብቀናል። የነፋስ ኃይል በዋጋ ሲመዘን ይህ ቁጠባ አብሮ መቆጠር አለበት፤ እስካሁን በበቂ ሁኔታ ሲቆጠር አላየሁም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅምና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ አለው። ትልቅ መከታ ነው፤ አንድ መጥፎ ዓመት በቀላሉ አይጥለውም። ቢሆንም ዓባይም፣ ግልገል ግቤ ሦስት ያለበት ኦሞም በዋናነት የሚሞሉት በዚያው ክረምት ነው። ተከታታይ ድርቅ ቢመጣ ሁለቱ በአንድ ላይ እንዳይጎድሉ ዋስትና የለንም።

የኃይል ባለሥልጣኖቻችን አዲስ ጣቢያ ሲያስመርቁ ከጠቅላላው ሜጋዋት ጎን አንድ ቁጥር ይጨምሩልን፦ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ ስንት ያመነጫል?