የቤት ጥበቃና የመድን አረቦን

መድን ብዙ ሰዎች በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ፣ ከመካከላቸው አደጋ የደረሰበትን ሰው ጉዳት በጋራ የሚሸከሙበት የውል ዘዴ ነው። መድን ገቢው የሚከፍለው ገንዘብ አረቦን ይባላል። የአረቦኑም መጠን የሚወሰነው በንብረቱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ንብረቱን በሚያሰጋው አደጋ ክብደት ጭምር ነው።

ይህ አሠራር የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1666 በለንደን ከተማ ከአንድ ዳቦ ቤት የተነሣ እሳት ከ13,000 በላይ ቤቶችን አወደመ። አብዛኞቹ ቤቶች ከእንጨት የተሠሩ ስለነበሩ እሳቱ በቀላሉ ተዛመተ። በ1680ዎቹ መጀመሪያ ኒኮላስ ባርቦን የተባለ ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ የእሳት መድን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱም ለጡብ ቤት ከዓመት ኪራዩ 2.5 በመቶ፣ ለእንጨት ቤት ግን 5 በመቶ ያስከፍል ነበር። ስለዚህ ቤቱን በጡብ የሠራ ሰው የአረቦኑን እኩሌታ አተረፈ ማለት ነው።

ለስርቆት በሚገባ መድንም ሐሳቡ ይኸው ነው። ጠንካራ መዝጊያና ቁልፍ፣ የመስኮት ብረት፣ የማስጠንቀቂያ ደወል ያለው ቤት ሌባን ስለሚያግድ፣ አንዳንድ መድን ሰጪዎች አረቦኑን ይቀንሱለታል። ሆኖም ቅናሹ ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ፣ ባለቤቱ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መጠየቅ ይገባዋል። ደግሞም ደወል እንዳለው በውሉ ያስመዘገበ ሰው ደወሉን አጥፍቶ ሳለ ቢዘረፍ፣ ካሳውን ሊከለከል ይችላል። እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ቤትንም ሆነ ገንዘብን የሚያድነው የተገዛው ዕቃ ብቻ ሳይሆን የዘወትር ጥንቃቄ ነው።