የጭሊሞ ማኅበርተኞች

በምዕራብ ሸዋና በአጎራባቹ ተራሮች ላይ የሚወርድ ዝናብ መንገዱ ሦስት ነው። ደንዲ ሐይቅ ላይ ያረፈው በሁሉቃ ወንዝ ወርዶ አምቦ ከተማን ያቋርጣል፤ ጉደርን ተቀላቅሎም ዓባይ ይገባል። ከደንዲ ብዙ በማይርቀው ወንጪ የወረደው ዋልጋ ወንዝ ሆኖ ወደ ደቡብ ያቀናና በኦሞ በኩል ቱርካና ይደርሳል። በጊንጪ ዙሪያ የወረደው ደግሞ አዋሽ ነው። ቆቃን ሞልቶ፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የሦስቱንም መነሻ በአንድ ቀን በመኪና መዞር ይቻላል። እዚህ ከፍታ ላይ ያለ መንደር ደኑን ቢቆርጥም ቢያቆየውም፣ ነገሩ የመንደሩን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው ቤት መድረሱ አይቀርም።

ለዚህ ነው የጭሊሞን ደን ማኅበራት ላስተዋውቅ የተነሣሁት። በአካባቢው ቋንቋ ማኅበሩ ዋልዳ፣ ደኑ ቦሶና ይባላል። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ፣ በደንዲ ወረዳ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ጀምሮ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ የሚወጣ ጭሊሞ የሚባል የደጋ ደን አለ። በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ከቀሩት ጥቂት ደረቅ የተራራ ደኖች አንዱ ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨትና ኮሶ ይገኙበታል፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘልበታል፣ ድኩላ ያድርበታል። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይርቅ፣ እንጨት በሚራብ ገበያ ጥግ ሆኖ እስከ ዛሬ መቆየቱ ብቻውን ሊነገር የሚገባው ነው።

የቆየው ግን ሳይነካ አይደለም። ደኑ በየዘመኑ ጌታ ተለዋውጦበታል። የቤተ መንግሥት፣ የባለርስት፣ ቀጥሎም የመንግሥት ተብሏል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ፣ ትላልቆቹ ደኖች በመንግሥት እጅ ገቡ፤ ጭሊሞም ቆይቶ ቅድሚያ ጥበቃ ከሚሰጣቸው ደኖች ዝርዝር ውስጥ ተካተተ። በወረቀት ላይ የተጠበቀ ደን ሆነ። በተግባር ግን ከዳር ከዳሩ የሚኖረው ገበሬ በቤቱ አጠገብ ያለውን ዛፍ እንደ ሌላ ሰው ንብረት ማየት ጀመረ። ዘበኛው የመንግሥት፣ ዛፉም የመንግሥት ነው፤ ጎረቤቱ ሌሊት ቢቆርጥ እሱን የሚመለከተው አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓት ሲለወጥና ዘበኛ ሲጠፋ፣ በአገሪቱ ብዙ ደን የተመነጠረው ስለዚህ ነው። ሰው ደኑን ጠልቶት አልነበረም፤ ዛሬ እኔ ካልቆረጥኩት ነገ ሌላው ይቆርጠዋል ብሎ አስቦ ነው። በዚያ ሁኔታ ውስጥ የነበረን ሰው በዚህ ሐሳቡ ልወቅሰው አልችልም።

ፋርም አፍሪካ የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ ጭሊሞ የመጣው ይህን ሐሳብ ለመለወጥ ነበር። ያመጣው አሠራር አሳታፊ የደን አስተዳደር ይባላል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ መንግሥት ደኑን ለአካባቢው ነዋሪ በስምምነት ያስረክባል፣ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ይጠብቃል፣ በዕቅድም ይጠቀማል። ሥራው ግን ብዙ ዓመት የፈጀ ነው፤ ከባዱም ክፍል ሰዎች እንደሚገምቱት ዛፍ መትከል አይደለም።

ከባዱ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ የደኑ ተጠቃሚ ማን ነው? መልሱ ግልጽ ይመስላል፣ አጠገቡ የሚኖረው። ግን ከሩቅ ቀበሌ በበጋ ከብቱን እየነዳ የሚመጣውስ? አባቱ ቀፎ ሰቅሎበት የነበረው? ከጊንጪ ወጥታ ጭራሮ ለቅማ በጀርባዋ ተሸክማ የምትሸጠው? እያንዳንዱ ስም ሲጨመር የሌላው ድርሻ ይቀንሳል፤ አንድ ስም ሲቀር ደግሞ ከውጭ የሚቀር ሰው ይኖራል፤ ያ ሰው ሌሊት መጥረቢያ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩ በቢሮ ተሠርቶ የሚመጣ ነገር አይደለም። በመንደሩ ስብሰባ ላይ በጎረቤት ፊት ይነበባል፣ ይከራከሩበታል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይነበባል።

ቀጥሎ ድንበሩ አለ። የሁለት መንደር ሽማግሎች አብረው ይሄዳሉ፤ ከዚህ ወንዝ እስከዚያ ዝግባ የእናንተ፣ ከዚያ ወዲያ የእኛ ይባባላሉ። እዚህ ላይ ካርታ ብዙ አይረዳም፤ የሚያጸናው ሁለቱም ወገን በእግሩ ሄዶ ማየቱ ነው። ከዚያ ቆጠራው ይመጣል። ማኅበርተኞቹ ከባለሙያ ጋር ገብተው በተመረጡ ቦታዎች ላይ ዛፉን ይቆጥራሉ፣ ውፍረቱን ይለካሉ፣ ከሥሩ ምን ያህል ወፍ ዘራሽ ችግኝ እንደበቀለ ይመዘግባሉ። በእኔ አስተያየት የአሠራሩ ልብ እዚህ ነው። ትልቅ ትልቅ ዛፍ ያለበት ደን ለተመልካች ጤነኛ ይመስላል። ሥሩ ባዶ ከሆነ ግን አርጅቶ የሚያልቅ፣ ወራሽ የሌለው ቤት ነው። ይህን በልጅነቱ በደኑ ውስጥ ከብት ሲያግድ የኖረ ሰው ራሱ ቆጥሮ ሲያገኘው፣ የግጦሽ ክልከላን ከሌላ ሰው ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልገውም።

በቆጠራው ላይ ዕቅድ ይሠራል፤ የትኛው ክፍል ለከብት ይዘጋ፣ የደረቀና የወደቀ እንጨት መቼና ስንት ሸክም ይወሰድ፣ ሳር ማን አጭዶ ይውሰድ፣ ቀፎ የት ይሰቀል። መጨረሻ ላይ ስምምነቱ ይፈረማል፤ መብቱም ግዴታውም በሁለቱም ወገን ይጻፋል። ማኅበሩ በኅብረት ሥራ ማኅበርነት ሲመዘገብ ሕጋዊ ሰውነት ያገኛል፤ የባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ጠቅላላ ጉባኤና ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ይኖረዋል። ጥበቃው በተራ ነው፤ ዛሬ የእኔ ቀን፣ ነገ የአንተ። ተራውን የቀረ በደንቡ ይቀጣል። ዕድር ያለው አገር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ለቀብር የቀረ ይቀጣ የለ? ስሙ ይጠራ የለ?

ሕጉ ከኋላ ደረሰ። የኦሮሚያ ክልል የደን አዋጅ ቁጥር 72/1995 ለማኅበረሰብ ደን ዕውቅና ሰጠ፤ ከዓመታት በኋላ የወጣው የፌዴራሉ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ማኅበረሰብ የደን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ አስቀመጠ። በመሐሉ በ2001 ዓ.ም. የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ተቋቋመና የማኅበራቱ ዋና ባልደረባ ሆነ። ገበሬዎች ሕጉ ሳይጸና በእምነት ጀምረውት የነበረ ሥራ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ጭሊሞ ብቻውን አይደለም። በባሌ በኩል በአዳባና በዶዶላ፣ በጀርመን የልማት ድርጅት እገዛ በዚያው ዘመን የተጀመረው ዋጂብ፣ ትርጉሙ የደን ነዋሪዎች ማኅበር፣ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ያህል ደን እንዲደርስ አስቦ፣ ማኅበሩን ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ ወሰነው። ሁሉም እርስ በርሱ እንዲተዋወቅ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የመንዝ ሰዎች አሉ። የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ በመረጡት አለቃ እየተመሩ ለዓመታት ዘግተው በድርቅና በችግር ቀን ይከፍቱት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሲያፈርሰው፣ መንዞች በኋላ በሌላ መልክ መልሰው አቆሙት። ስለዚህ ጭሊሞ ላይ የተሠራውን ከውጭ የመጣ ትምህርት አድርጎ የሚያየው ሰው ይሳሳታል። የውጭው ድርጅት ያመጣው ወረቀቱንና ትዕግሥቱን ነው፤ ዳኝነቱና ተራው የአገሩ ነው።

የጭሊሞ ሌላ ባለውለታ ደግሞ አለ፤ ባሕር ዛፍ። በምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል እየተባለ ይታማል፤ ወንዝ ዳርና ለም ማሳ ላይ ሲተከል ክሱ እውነት አለው። ነገር ግን ከሆለታ እስከ አምቦ በየገበሬው ጓሮ የሚበቅለው ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ግንባታ አጣና፣ ለጊንጪ ምድጃ ማገዶ ባይሆን ኖሮ፣ ጥዱንና ወይራውን ማን ያተርፈው ነበር? ደኑን የሚጠብቅ ማኅበር ከደኑ ውጭ እንጨት እንዲበቅል መፈለግ አለበት። ወይራ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ይፈጃል፤ ባሕር ዛፍ ግን ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ይሸጣል፣ ተቆርጦም ያቆጠቁጣል። ቦታውን ይወቅ እንጂ፣ አገር ወዳድ ሁሉ የሚረግመው ዛፍ አይደለም።

ችግሩንም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በእንዲህ ዓይነት ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ አባል የሚሆነው አባወራው ነው። ስለዚህ ማገዶ የምትለቅመው እናት ስሟ ከባሏ ስም በስተጀርባ ይቀራል፤ ስለ ደረቁ እንጨት ሲወሰን ግን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከሁሉ ድሃ የሆነው፣ ጭራሮ ሸጦ የዕለት እንጀራውን የሚገዛው ሰው፣ ክልከላው መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ባሕር ዛፍ የሚተክልበት መሬት ያለው ገበሬ ደኑ ሲዘጋ ይታገሣል፤ መሬት የሌለው ግን ሸክሙን ከየት ያመጣል? የመንደሩ ወጣትም አለ። ዝርዝሩ ሲጻፍ ያልተወለደ፣ ዛሬ ጎልማሳ የሆነ፣ እርሻም አባልነትም ያልደረሰው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ተነሥቶ በኋላ መላ ኦሮሚያን ያዳረሰው ተቃውሞ፣ ደንና የኳስ ሜዳ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው በሚል መነሣቱን የምናስታውስ ሰዎች፣ እዚያ አካባቢ ደን ማለት ለወጣቱ ምን እንደሆነ ልንዘነጋ አይገባም። የአባቶቹን ዛፍ ለማዳን ወጥቷል፤ ጠባቂው ይሆን ዘንድ ግን በዝርዝሩ ላይ ቦታ ያስፈልገዋል።

ወንጪ በዚህ ረገድ አንድ ነገር ያስተምራል። ከአምቦ ወደ ደቡብ ተራራውን ወጥተው የሚያገኙት የእሳተ ገሞራ ሐይቅ፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለበት፣ በ2014 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ተመርጧል። ከዚያ በፊት ለዓመታት ነዋሪዎቹ ማኅበር መሥርተው እንግዳውን በተራ ሲያስተናግዱ ኖረዋል፤ ባለፈረሱ በተራው፣ ጀልባ ቀዛፊው በተራው፣ መንገድ መሪው በተራው። እንግዳውን እየተሻሙ ከመጎተት ይልቅ ወረፋ መያዙ ለእንግዳውም ለባለፈረሱም ይበጃል። ፈረስ ያለው ወጣት መሬት ባይኖረውም ከሐይቁ ይኖራል። ጭሊሞ እንደ ወንጪ ጎብኚ አይጎርፍለትም፤ ለአዲስ አበባ ያለው ቅርበት፣ ወፎቹና ጉሬዛው ግን ብዙ ይፈቅዱለታል።

አሁን ወደ ውኃው ልመለስ። በወላይታ ሁምቦ፣ ከጉቶ ያቆጠቆጠን 2,728 ሄክታር ደን ለጠበቁ ማኅበራት ዓለም ባንክ የካርቦን ክፍያ ከፍሏል። ማለትም ሩቅ ያለ ሰው አየሩ ስለጸዳለት ለኢትዮጵያ ገበሬ ገንዘብ ልኳል። ቅርብ ያለው፣ ውኃውን የሚጠጣው ግን ምን ሰጠ? ደን ዝናብን እንደ ፋብሪካ አያመርትም፤ የሚያደርገው የወረደውን ጎርፍ ይዞ ወደ መሬት ማስረግና አፈሩን በቦታው ማቆየት ነው። ከላይ ያልተያዘው አፈር ወደ ታች ይወርዳል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ውኃ ይይዝበት ከነበረው ቦታ ከፊሉን ደለል ወስዶበታል። ያንን ደለል በማሽን ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚያውቅ ሁሉ፣ ከጊንጪ በላይ በተራ ሌሊት የሚያድረውን ጠባቂ ዋጋ መገመት አያቅተውም።

እስካሁን የተፈረሙት ስምምነቶች ሁለት ወገን አላቸው፣ ማኅበሩና መንግሥት። ሦስተኛ ወገን ሊገባ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደርና ከታች ያሉት የመስኖና የኃይል ድርጅቶች። ገንዘብ ብቻ አይደለም የምለው። ከተማው ማገዶውን የሚገዛበት ገበያ፣ ዩኒቨርሲቲው የሚልካቸው ቆጣሪ ተማሪዎች፣ የውኃ አገልግሎቱ ከሚሰበስበው የሚያዋጣው ጥቂት ሳንቲም፣ ሁሉም ፊርማ ነው። እንዲህ ያለ ስምምነት በሚታደስበት ቀን ድንበሩ እንደገና በእግር ይዞራል። ያን ቀን ከሽማግሎቹ ጋር አብረው ቢወጡ የምመኛቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ጭራሮ ለቃሚዋ፣ አባል ያልሆነው ወጣት፣ ከአምቦ ደግሞ በሁሉቃ ዳር አትክልት የሚያጠጣው ሰው። ከየት እስከ የት የማን እንደሆነ ሲባባሉ፣ ከዝግባው ወዲያ የሚወርደው ምንጭ ወደ የት እንደሚሄድ አብረው ያዩታል።