የሌብል ማተሚያ ዝምታና የፖርቶች ግጭት

የዕቃ መለያ ወረቀት፣ በተለምዶ ሌብል የሚባለው፣ ለነጋዴ ጌጥ ብቻ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 በንግድ ዕቃ ላይ ስለሚለጠፍ መግለጫ የደነገገው ሸማቹ የሚገዛውን ለይቶ እንዲያውቅ ነው። ስለዚህ ሌብል የሚያትመው መሣሪያ ድንገት ሥራውን ሲያቆም የታሸገው ዕቃ ከመጋዘን አይወጣም፤ የጭነት መኪናም ቆሞ ይጠብቃል።

ለምሳሌ ያህል በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ ምስርና ባቄላ እያሸገ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ይታሰብ። በጽሕፈት ቤቱ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ሌብል ማተሚያና አንድ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ አሉ። አንድ ቀን ጠዋት ቤቱ ሲጸዳ ገመዶቹ ተነቅለው እንደ ገና ይሰካሉ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማተሚያው ዝም ይላል። ነጋዴውም «ተቃጥሏል» ብሎ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ለጥገና ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል። ከቀናት በኋላ የሚመጣለት መልስ «ምንም ብልሽት የለበትም» የሚል ይሆናል። የጥገናው ገንዘብና የጠፋው ጊዜ ግን አይመለስም።

ኮምፒዩተር ከእነዚህ መሣሪያዎች ጋራ የሚነጋገርበት በር ፖርት ይባላል፤ እያንዳንዱም ኮም 1፣ ኮም 2 እየተባለ በቁጥር ይጠራል። ይህ በር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። የሚዛኑ ፕሮግራም ኮም 3ን አስቀድሞ ከያዘ፣ የማተሚያው ፕሮግራም በዚያው ቁጥር ቢመጣ ይከለከላል። በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ኮም 1 እና ኮም 3 አንድ የጥሪ መስመር፣ ኮም 2 እና ኮም 4 ደግሞ ሌላ መስመር ይጋሩ ስለ ነበር፣ ጥንዶቹ በአንድነት ሲሠሩ ይጋጩ ነበር።

በዩኤስቢ መለወጫ ገመድ መሥራት ከተጀመረ ወዲህ ግጭቱ መልኩን ለውጧል። ብዙዎቹ ገመዶች የራሳቸው መለያ ቁጥር ስለ ሌላቸው፣ ዊንዶውስ የሚያውቃቸው በተሰኩበት ቀዳዳ ነው። ትናንት ኮም 4 የነበረው ማተሚያ ዛሬ በሌላ ቀዳዳ ሲሰካ ኮም 5 ሊሆን ይችላል። ሁለት አንድ ዓይነት ገመዶች ቦታ ቢለዋወጡ ደግሞ ቁጥራቸውም ይለዋወጣል፤ ፕሮግራሙም ክብደቱን ከማተሚያው ይጠይቃል፣ ሌብሉን ለሚዛኑ ይልካል።

እንግዲህ መሣሪያው ወደ ጥገና ከመላኩ በፊት በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊመረመር ይገባዋል።

አንደኛ፤ ማተሚያው ለብቻው ይፈተን። በብዙዎቹ ዓይነቶች ወረቀት የሚገፋውን ቁልፍ ተጭኖ ማብራት የመፈተኛ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱ በደኅና ከታተመ ብልሽቱ በአብዛኛው ከገመዱ ወይም ከፖርቱ ነው።

ሁለተኛ፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር የተባለው ገጽ ተከፍቶ የፖርቶች ዝርዝር ይታይ። የማተሚያው ገመድ ሲነቀል የሚጠፋው፣ ሲሰካም የሚመለሰው ቁጥር የማተሚያው ነው። ይህ ቁጥር በማተሚያው ፕሮግራም ከተመዘገበው ጋራ ይመሳከር።

ሦስተኛ፤ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ እንቢ ካለ፣ ፖርቱን ሊይዙ የሚችሉ ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ ይዘጉ፤ ካልሆነም ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይብራ።

አራተኛ፤ ማተሚያው ትርጉም የሌለው ፊደል የሚያወጣ ከሆነ የፍጥነቱ ልክ ይታይ። በአንደኛው ወገን 9600፣ በሌላው 19200 ተብሎ ከተመዘገበ መግባባት አይኖርም።

አምስተኛ፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ያልተያዘ ቁጥር ተመርጦ ይሰጠው። ቁጥሩም በወረቀት ተጽፎ በገመዱና በሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ይለጠፍ።

በዚህ ሁሉ ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ሥራ ላይ እንዲውል የተደረገው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በማኅተም የታሸገ ነው። ማኅተሙን መፍታት የተፈቀደለት የጥገና ባለሙያ ሥራ እንጂ የነጋዴው ወይም የጸሐፊው አይደለም።

በዓለም ከተማም ሆነ በራቤል የሚሠራ ባለ ሱቅ፣ ባለሙያ በቅርብ ባያገኝ እንኳ፣ ይህን ፍተሻ በግማሽ ሰዓት ሊፈጽመው ይችላል። ቤቱን የሚያጸዳው ሠራተኛም የትኛው ገመድ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚሰካ አስቀድሞ ቢነገረው፣ ጭነት በሚወጣበት ቀን ማተሚያው ዝም እንዳይል ይረዳል።